ከጎን የሚወጣ ልጅ፦ ማቆጥቆጥ እንዴት ይሠራል?

አንድ ድንች ጨለማ ጥግ ውስጥ ተረስቶ ከከረመ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ቆዳው ይጨማደዳል፣ ከላዩ ነጭ ነጭ ቀንድ ያወጣል። ውሃ ያጠጣው የለም። አፈር አልነካም። ዘርም አይደለም። ግን በቀለ። ያን ቀንድ ከነቁራጩ አፈር ብታለብሱት ሙሉ ተክል ይወጣዋል፣ ያ ተክል ደግሞ አባት የለውም። የእናቱን ዘረመል እንዳለ ይዞ የተነሳ ነው።

ይህ ኢ-ፆታዊ መራባት ይባላል፤ የወንዴና የሴቴ ዘር ሳይገናኝ መራባት ማለት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ስለ ማቆጥቆጥ። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ በሁለት መስመር ይታለፋል፦ ከእናቲቱ አካል ላይ እብጠት ይወጣል፣ ያድጋል፣ ይለያል። ተማሪው ይጽፋል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። ልብ የሚሰቅለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። እብጠቱ ሙሉ ልጅ መሆን እንዳለበት በምን ያውቃል? ለምን ትርፍ ክንድ ወይም ትርፍ ቅጠል ወይም ዝም ብሎ እባጭ ሆኖ አይቀርም? ደግሞስ ለምን እዚህ ጋ ወጣ፣ እዚያ ጋ ለምን አልወጣም?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ባለ አንድ ሕዋሷ አሜባ ስትራባ መሃል ለመሃል ለሁለት ትከፈላለች። ከዚያ በኋላ እናት የምትባል የለችም፤ ያሉት ሁለት እኩል ልጆች ናቸው። ማቆጥቆጥ እንዲህ አይደለም። እናት እናትነቷን እንደያዘች ትቀጥላለች፣ ልጁ ከጎኗ ትንሽ ሆኖ ይወጣል፣ ከእሷ እየበላ ያድጋል፣ ከዚያ ወይ ተለይቷት ይሄዳል ወይ እንደተጣበቀ አብሯት ይኖራል። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ስለ እርጅና ስናወራ ግን ትልቅ ሆና ትመጣለች።

አሁን ወደ አንድ ግራ የተጋባ ሰው ልውሰዳችሁ። አብርሃም ትራምብሌ የጄኔቫ ሰው ነው። በ1740 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ኔዘርላንድስ ውስጥ የአንድ ባላባት ልጆችን ያስተምር ነበር። ከኩሬ ያስቀዳውን ውሃ በብርጭቆ ማሰሮ አስቀምጦ ሲያይ፣ ከውሃ ተክሎች ላይ የተለጠፉ ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች አገኘ። ተክል ይመስላሉ። ዕቃውን ነካ ሲያደርገው ግን ኩምትር ይላሉ፣ ቆይተውም ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ። ተክል ናቸው ወይስ እንስሳ?

ትራምብሌ መልሱን በመቀስ ፈለገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለሁለት ስቆርጠው ሁለቱም ቁራጭ ከዳነ ተክል ነው፣ ከሞተ እንስሳ ነው። ቆረጠ። ሁለቱም ዳኑ። ጭንቅላት ያጣው ጭንቅላት አወጣ፣ እግር ያጣው እግር አወጣ። በራሱ ፈተና መሠረት እንግዲህ ተክል ሆነ ማለት ነው፣ ያው ተክል ግን ትንንሽ የውሃ ነፍሳት እያጠመደ ይውጣል! ናሙናውን ለፈረንሳዩ ሊቅ ለሬኦሙር ላከለት፤ ሬኦሙር እንስሳ ነው አለ። ልክ ነበር። ዛሬ ሃይድራ የምንላት ፍጥረት ናት፣ የጄሊፊሽና የኮራል ዘመድ። አረንጓዴነቷም የእሷ አይደለም፤ ሕዋሶቿ ውስጥ አብረዋት የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው ያን ቀለም የሰጧት።

ትራምብሌን ግራ ያጋባው ሌላም ነገር ነበረ። ከአንዳንዶቹ ሃይድራዎች ጎን እንደ ቅርንጫፍ ያለ ነገር ይወጣል። ቅርንጫፉ ክንድ ያበቅላል፣ አፍ ይከፍታል፣ አንድ ቀን ተላቅቆ ይሄዳል። ይህን ከእሱ በፊት የኔዘርላንድሱ ተመራማሪ ሌዌንሁክ በ1702 በማጉያ መነጽሩ አይቶት ነበር፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተከታተለው ትራምብሌ ነው፤ መጽሐፉም በ1744 ወጣ። የተክል ባሕርይ ብለን የምናስበው ነገር እንስሳ ላይ ሲታይ ያኔ ትልቅ ድንጋጤ ነበር የፈጠረው። እኔ ዛሬም ቢሆን መደንገጥ ይገባናል እላለሁ፣ ምክንያቱም ከታች እንደምናየው ተመሳሳይነቱ ትራምብሌ ካሰበውም በላይ ይሄዳል።

ሃይድራን ጠጋ ብለን እንያት። ርዝመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ስትዘረጋ አንድ ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ልትደርስ ትችላለች። ሰውነቷ ቱቦ ነው። ከታች መቆሚያ እግር አላት፣ ከላይ አፍ፣ በአፏ ዙሪያ ደግሞ የሚናደፉ ክንዶች። የቱቦው ግድግዳ ሁለት የሕዋስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ አንዱ የውጭ ቆዳዋ፣ አንዱ የሆዷ ገበር። በመሃላቸው ስስ ሙጫ መሳይ ነገር አለ። አንጎል የላትም፣ ልብ የላትም፣ ደም የላትም።

በደንብ ስትበላ፣ ከአፏ ወደ እግሯ ስንወርድ ሁለት ሦስተኛው መንገድ ላይ፣ ጎኗ ያብጣል። እብጠቱ ድፍን ሥጋ አይደለም። ሁለቱ ንጣፎች አንድ ላይ ወደ ውጭ ተገፍተው ነው የወጡት። ስለዚህ ውስጡ ባዶ ነው፣ ባዶው ደግሞ በቀጥታ ከእናቲቱ ሆድ ጋር ይገናኛል። እናት የዋጠችው ወደ ልጅ ሆድ ይፈስሳል። በማግስቱ እብጠቱ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጉጦች ይታያሉ፤ ክንዶቹ ናቸው። ከዚያ አፉ ይከፈታል። አሁን ልጁ ራሱ ማደን ጀምሯል፣ ግን ገና አልተለየም፣ እናም ለተወሰነ ጊዜ ሁለት አፍ አንድ ሆድ ይመግባል፤ ልጅ ያደነው ወደ እናት፣ እናት ያደነችው ወደ ልጅ ይሄዳል። በመጨረሻ የተጣበቀበት ቦታ እየጠበበ ይመጣል፣ ልጁ የራሱን እግር ይሠራል፣ ይላቀቃል። ከመጀመሪያው እብጠት እስከ መለያየት በሞቀ ውሃና በጥሩ ምግብ ሦስት አራት ቀን ቢፈጅ ነው። የጠገበች ሃይድራ ደግሞ አንዱ ሳይለያት ሌላ ከጎን ልታወጣ ትችላለች።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። እብጠቱ የሚወጣው እዚያ ቦታ ላይ ሕዋሶች በድንገት በፍጥነት ስለተባዙ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሃይድራ ሕዋሶች በመላ የሰውነቷ ግንድ ላይ ሁልጊዜ፣ ቀንም ሌትም ይከፋፈላሉ። አዲሶቹ አሮጌዎቹን እየገፉ ከፊሎቹን ወደ ክንድና ወደ አፍ፣ ከፊሎቹን ወደ እግር ይወስዷቸዋል፤ ዳር የደረሱት ረግፈው ይወድቃሉ። የበላች ሃይድራ ከሚረግፈው በላይ ትሠራለች። ትርፉ የት ይግባ? ወደ ጎን ይወጣል፣ ልጅ ይሆናል። እብጠቱ የተሠራው እዚያው ከተወለዱ ሕዋሶች ሳይሆን ከእናት ገላ ተንሸራተው ከመጡ ሕዋሶች ነው። ስትራብስ? የሕዋሶቹ መከፋፈል ብዙም አይቀንስም። ይህ ያስገርማል። ትርፍ ሕዋሶቹ በጎረቤቶቻቸው ይበላሉ፣ እናም ሃይድራዋ ራሷን እየበላች ትቆያለች፤ ልጅ አታወጣም፣ ታንሳለች፣ ግን ትኖራለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሁኔታ ጥጋብ ነው። ሁለተኛው ሁኔታ ቦታ ነው፣ እኔን ለዓመታት ያልለቀቀኝ ነገር ይህኛው ነው።

በ1909 ኤተል ብራውን የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ተመራማሪ አንድ ሙከራ አሳተመች። ከአንዲት ሃይድራ አፍ አካባቢ ትንሽ ቁራጭ ወሰደችና የሌላዋ ሃይድራ ጎን ላይ ሰካችው። ከሰካችበት ቦታ አዲስ ሃይድራ በቀለ፣ ክንዱም አፉም የተሟላ። አረንጓዴዎቹንና ቀለም የለሾቹን አቀላቅላ ስለሠራች የአዲሱ ሰውነት ሕዋሶች ከየት እንደመጡ ማየት ችላለች፤ አብዛኛው የተሠራው ከተሰካው ቁራጭ ሳይሆን ከተቀባይዋ ገላ ነበር። ቁራጩ ራሱ ሰውነት አልሆነም። ዙሪያውን ያሉትን ሕዋሶች አዟቸው እነሱ ሰውነት ሆኑ። ከሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ ከክንድ ጫፍ፣ የተወሰደ ቁራጭ ሲሰካ ይህ አይሆንም። የሚያቆጠቁጥ እብጠት ጫፍ ሲሰካ ግን ይሆናል።

ለምን ሙሉ ልጅ ሆኖ ይወጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። እብጠቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ጫፉ ላይ ይህን የማዘዝ ሥልጣን ነው። መጀመሪያ አዲስ ጭንቅላት ይታወጃል፣ ቀሪው ሰውነት ከዚያ ይከተላል። ዛሬ ከጀርባው ካሉት ኬሚካላዊ መልእክቶች አንዱ ውንት የሚባለው የፕሮቲን ቤተሰብ እንደሆነ እናውቃለን፤ በሃይድራ አፍ ጫፍና እብጠቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ይታያል። የሚገርመው ይኸው ቤተሰብ የእኛም ፅንስ ሲሠራ የትኛው አቅጣጫ የትኛው እንደሆነ በመወሰን ይሳተፋል።

የድሮው ጭንቅላት ታዲያ ዝም ብሎ አያይም። ሌላ ጭንቅላት አጠገቡ እንዳይበቅል የሚከለክል ምልክት ወደ ታች ይልካል። ምልክቱ ከአፍ እየራቀ ሲሄድ እየደከመ ይመጣል። ልጅ የሚወጣው ክልከላው በቂ ያህል የደከመበት ቦታ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ወይም ክንዷ ሥር የማይወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድንቹ እንመለስ፣ ምክንያቱም ተክል ውስጥ የሚሆነው ነገር ከዚህ ጋር ሲቀመጥ ነው ደስ የሚለው።

ድንች ሥር አይደለም። አፈር ውስጥ ገብቶ ጫፉ ያበጠ ግንድ ነው። ዓይን የምንላቸው ጎድጓዳዎች የግንዱ አንጓዎች ናቸው፣ አጠገባቸው ያለችው ቅንድብ የምትመስል መስመርም የቅጠል ጠባሳ ናት። እያንዳንዱ ዓይን ውስጥ የተኙ እምቡጦች አሉ። እምቡጥ ስል አበባ ብቻ እንዳታስቡ፤ በቅጠልና በግንድ መሃል ባለችው ብብት ውስጥ ያለች፣ ገና ያልተዘረጋች ትንሽ ቅርንጫፍ ማለቴ ነው። አንድ ድንች አገላብጣችሁ ብታዩ ዓይኖቹ እኩል አልተበተኑም፣ ወደ አንዱ ጫፍ ይበዛሉ። ያ የግንዱ ራስ ነው፣ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት ደግሞ ተቃራኒው ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበቅለው በራሱ በኩል ያለው ዓይን ነው። ሌሎቹ ተኝተው ይጠብቃሉ። ድንቹን ቆራርጣችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ዓይን ብታስቀሩ ግን ተኝተው የነበሩትም ይነሳሉ። የከለከላቸው ራስ የለማ!

ዛፍ ጫፉ ሲቆረጥ ከጎኑ ቅርንጫፍ የሚያበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1933 ኬኔት ቲማንና ፎልክ ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በባቄላ ላይ አሳዩ። የተክሉን ጫፍ ሲቆርጡ የጎን እምቡጦች ተነሱ። በተቆረጠው ጫፍ ላይ ኦክሲን የሚባለውን የተክል ሆርሞን ሲያደርጉ እምቡጦቹ ተኝተው ቀሩ። ጫፉ ኦክሲን እየሠራ ወደ ታች ይልካል ማለት ነው፣ ኦክሲኑ እስካለ ጎኖቹ ዝም ይላሉ። ኋላ ላይ ሥዕሉ ሰፋ። ኦክሲን ራሱ እምቡጡ ውስጥ ገብቶ አይደለም የሚከለክለው። በ2008 ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ሌሎች ሆርሞኖች በክልከላው ውስጥ እጃቸው እንዳለበት ታወቀ። በ2014 ደግሞ በአተር ላይ የተሠራ ጥናት ጫፉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ወደ ጎን እምቡጦች የሚደርሰው ስኳር መሆኑን አሳየ፤ ጫፉ ሲሻማባቸው የነበረው ምግብ ይለቀቅላቸዋል፣ እነሱም ይነሳሉ።

አያችሁት? ምግብ፣ እና ከራስ መራቅ። ሃይድራ ላይ ያገኘናቸው ሁለት ሁኔታዎች ተክልም ላይ አሉ። ይህ ከአንድ አባት የወረሱት ነገር አይደለም። የሃይድራ መልእክት ሌላ ኬሚካል ነው፣ የተክል ሌላ፣ መንገዳቸው ከተለያየም እጅግ ረጅም ዘመን ሆኗል። ሁለቱ ለየብቻቸው ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ መድረሳቸው ነው እንጂ። ከጎኑ ልጅ የሚያወጣ ሰውነት የትም ቦታ ያለ ልክ ቢያወጣ ቅርጹን ያጣል፤ ስለዚህ አንድ የሚከለክል ራስ ያስፈልገዋል፣ ክልከላው የሚያልቅበት ድንበርም ያስፈልገዋል።

ተክሎች በዚህ መንገድ የሠሩት ብዙ ነው። የነጭ ሽንኩርት አንዷ ፍሬ አንድ ያበጠች እምቡጥ ናት። እንጆሪ በአፈር ላይ የሚሮጥ ቀጭን ግንድ ትልክና አንጓው ላይ ልጅ ታስቀምጣለች። የውሃ ላይ ምስር የሚመስሉት ጥቃቅን ተንሳፋፊ ተክሎች ከጎናቸው ካለች ኪስ ልጅ ያወጣሉ፣ ሲመቻቸው በሁለት ቀን ገደማ ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል፤ ኩሬ በአጭር ጊዜ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ፓንዶ የሚባል ደን አለ፣ 43 ሄክታር የሸፈነ፣ ከ40,000 በላይ ግንድ ያለው፣ ሁሉም ከአንድ ሥር ላይ ካቆጠቆጡ እምቡጦች የወጣ። ደን ብዬ ጠራሁት እንጂ አንድ ዛፍ ነው።

ካላንኮይ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ ስሟ የሺዎች እናት እስከመባል የደረሰችውን ነው የምላችሁ። የማዳጋስካር ተክል ናት። የወፈረው ቅጠሏ ዳር እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ነው፣ በእያንዳንዱ ጥርስ መሃል አንዲት ትንሽ ተክል ትበቅላለች። ሁለት ቅጠል አላት፣ ታች ደግሞ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ጸጉር የሚያካክሉ ሥሮች። ቅጠሉን በጣት ነካ ስታደርጉት ይረግፋሉ፣ በወደቁበት ይተከላሉ። ከላይ ያየነው እምቡጥ ቅርንጫፍ ነበር፤ ይህ ግን ቅጠል ላይ ነው፣ ቅጠል ደግሞ በተለምዶ ዕድገቱን የጨረሰ አካል ነው። ታዲያ ከየት አመጣችው? በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ካላንኮይዋ ቅጠሏ ዳር ላይ ሁለት ፕሮግራም አንድ ላይ ትከፍታለች። አንዱ አዲስ ግንድ የሚሠራው ነው። ሌላው በተለምዶ ዘር ውስጥ ፅንስ ሲሠራ ብቻ የሚበራው ነው። ዘር ውስጥ መሆን የነበረበትን ሥራ አውጥታ ቅጠል ላይ አደረገችው ማለት ይቻላል። ዋጋ ግን ከፍላበታለች። ከእነዚህ የፅንስ ጂኖች አንዱ በዚህች ተክል ውስጥ ጎድሏል፣ ዘሯም አይበቅልም። ያላት መንገድ ቅጠሏ ብቻ ነው።

እርሾ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምረናለች። እርሾ ተክልም እንስሳም አይደለችም፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ናት፣ ግን ስለ ማቆጥቆጥ ስናወራ ልንዘላት አንችልም። ሕዋሷ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ ታወጣለች፣ ጉብታው ያድጋል፣ የዘረመሏ ግልባጭ ወደ ውስጡ ይገባል፣ መሃላቸው ይዘጋል፣ ልጅ ይላቀቃል። ሲመቻት ዘጠና ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እናት ላይ ግን ክብ ጠባሳ ይቀራል፤ ካይቲን ከሚባለው፣ የነፍሳት ቅርፊት ከሚሠራበት ጠንካራ ነገር የተሠራ። በልዩ ቀለም ሲታይ ጠባሳዎቹ ያበራሉ፣ እናም ቆጥራችሁ አንዲት እርሾ ስንት እንደወለደች ማወቅ ትችላላችሁ።

አንዲት እርሾ በአማካይ ሃያ አምስት ገደማ ከወለደች በኋላ ታቆማለች፣ ትሞታለች። ልጇ ግን ከዜሮ ነው የምትጀምረው። እናቷ አሥረኛዋን ስትወልድ የወጣችውም ልጅ ሙሉ ዕድሜ አላት። ይህ እንዴት ይሆናል? እናት የተበላሹ ፕሮቲኖቿንና ከክሮሞዞሟ የተቆረጡ ትርፍ የዘረመል ቀለበቶችን ለራሷ ታስቀራለች። ንጹሑን ለልጅ ትሰጣለች። ቅድም አሜባና ማቆጥቆጥ ይለያያሉ ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። እኩል ስትከፈል ጉዳቱን ማን ይያዘው? ስታቆጠቁጥ ግን እናት አለች፣ እርጅናውም የእናት ይሆናል። እናቲቱ በጣም ካረጀች ብቻ ይህ ጥበቃ ይላላል፣ የመጨረሻዎቹ ልጆቿም በከፊል አርጅተው ይወለዳሉ።

ሃይድራ በዚህ ከእርሾ ትለያለች። ዳንኤል ማርቲኔዝ የተባለ ተመራማሪ ሃይድራዎችን ለአራት ዓመት ሲከታተል ቆይቶ በ1998 ውጤቱን አወጣ፤ የማርጀት ምልክት አላየባቸውም። ከዕድሜ ጋር የመሞት ዕድላቸው አልጨመረም፣ የመውለድ አቅማቸውም አልቀነሰም። ከላይ እንዳልኩት ሕዋሶቿ ያለማቋረጥ ይታደሳሉ፣ ያረጀው ዳር ላይ ይረግፋል። እርሾ አንድ ሕዋስ ስለሆነች የምታረግፈው የላትም።

ኮራል ልጆቿን አትለቅም። አንዲት እጭ በባሕር ተንሳፍፋ ድንጋይ ላይ ታርፍና አንድ ፖሊፕ ትሆናለች፣ ሃይድራ የምትመስል ትንሽ ቱቦ። ታቆጠቁጣለች። ልጇ አይላቀቅም፣ ያቆጠቁጣል። የልጅ ልጅም እንደዚሁ። ሥራቸው የኖራ አጥንት እየገነቡ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ እናም የምናየው ትልቅ ቋጥኝ የሚያክል ኮራል ብዙ ጊዜ የዚያች የአንዷ እጭ ገላ ነው። አውስትራሊያ አጠገብ 2,300 ኪሎሜትር ተዘርግቶ የሚገኘው ታላቁ የኮራል ሰንሰለት ከእንዲህ ዓይነት ቁጥር የሌላቸው ስብስቦች የተሠራ ነው። እጮቹ የወንዴና የሴቴ ዘር መቀላቀያ ናቸው፣ ግንባታው የማቆጥቆጥ ነው።

ቀላል እንስሳት ብቻ ናቸው የሚያቆጠቁጡት ብላችሁ እንዳትዘጉት። ቦትሪለስ የምትባል የባሕር ፍጥረት አለች፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ በኮከብ ቅርጽ የምትኖር። የምትመደበው የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት፣ ማለትም ከእኛ፣ የቅርብ ዘመዶች ጋር ነው። የሚመታ ልብ አላት። አንጀት አላት። ታቆጠቁጣለችም። በየሳምንቱ ገደማ ስብስቡ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከስማሉ፣ ገላቸው ተበልቶ ይጸዳል፣ ከጎናቸው ሲያድጉ የቆዩት እምቡጦች ቦታውን ይረከባሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእነሱ ተራ ነው። የእኛ ዓይነት የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ውስጥ ግን የሚያቆጠቁጥ አንድም የለም።

ዋጋውን ሳልነግራችሁ ብቀር ግማሽ ወሬ ይሆናል። በማቆጥቆጥ የመጣ ልጅ የእናቱ ግልባጭ ነው፤ እሷን የሚገድል በሽታ እሱንም ይገድላል። አየርላንድ ውስጥ በ1840ዎቹ ድሃው ሕዝብ በአብዛኛው ላምፐር በሚባል አንድ የድንች ዓይነት ላይ ነበር የሚኖረው። ከዓይን እየተቆረጠ የሚተከል ስለሆነ ማሳው ሁሉ ያው አንድ ተክል ነበር። በ1845 አዲስ በሽታ ገባ፣ አንዱን የገደለ ሁሉንም ገደለ። በቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተሰደደ። የድንቹ አንድ ዓይነት መሆን ብቻውን አልነበረም ምክንያቱ፣ አገዛዙም ነበረበት፤ ማሳው ግን በአንድ ጊዜ የወደቀው አንድ ስለነበረ ነው። ሙዝ ላይም ተደግሟል። ግሮ ሚሼል የሚባለው ዓለም ይበላው የነበረ ሙዝ ከእናቱ ግርጌ በሚወጣ ችግኝ የሚራባ ነበር። ፓናማ በሚባል የፈንገስ በሽታ ተመትቶ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከዓለም ገበያ ወጣ፣ በቦታው ካቬንዲሽ ገባ። ካቬንዲሽም የሚራባው በዚያው መንገድ ነው፣ አሁን ያው በሽታ በሌላ ዝርያ መጥቶበታል።

ግልባጭ ነው ስንል ግን ፍጹም አይደለም። ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር ስሕተት ይፈጠራል፣ አንዳንዴም ስሕተቱ አንዲት እምቡጥ ውስጥ ይገባና ከእሷ የሚወጣው ቅርንጫፍ ከዛፉ የተለየ ይሆናል። ፍሬ የሌለውና እምብርት የሚመስል ጫፍ ያለው ብርቱካን ከብራዚል የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ፍሬ ስለሌለው በዘር ሊራባ አይችልም፣ ዛሬ በዓለም ያለው ዛፍ ሁሉ ከእምቡጥ የመጣ ነው፤ አትክልተኛው እምቡጧን ከነልጧ ላጥ አድርጎ ከሌላ ችግኝ ቅርፊት ሥር ያስገባታል፣ ታስራለች፣ ከያዘች በኋላ ከእሷ በላይ ያለው የችግኙ ግንድ ይቆረጣል። ለምን እንደሚቆረጥ አሁን ታውቃላችሁ።

ሃይድራም ሁልጊዜ በማቆጥቆጥ ብቻ አትኖርም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወይም ምግብ ሲጠፋ፣ እንደ ዝርያዋ፣ ማቆጥቆጡን ትተውና ጎኗ ላይ ሌላ ዓይነት ጉብታ ታወጣለች፤ አንዱ የወንዴ ዘር ያለበት፣ አንዱ እንቁላል ያለበት። የማታረጀዋ ሃይድራ እንኳ ሁሌ እንዲህ አይቀጥልላትም፤ አንዳንድ ዝርያ በቅዝቃዜ እንቁላል ከጣለች በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ትደክማለች፣ ትሞታለች። እንቁላሉ ጠንካራ ሽፋን አለው። ኩሬው ሥር ወርዶ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ ይቀመጣል። ውሃው ሲሞቅ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ከውስጡ ከሁለት ወላጅ የተቀላቀለች፣ ከዚህ በፊት ያልነበረች ትንሽ ሃይድራ ትወጣለች። ተክል ላይ ትለጠፋለች፣ ክንዷን ትዘረጋለች፣ የመጀመሪያዋን የውሃ ነፍሳት ትውጣለች። ጥቂት ቀን በደንብ ከበላች፣ ከአፏ ራቅ ባለው ጎኗ ላይ ትንሽ እብጠት ይታያል።